ፈረንሳይኛ መጨዋወቻ ቡድን እንዴት ይገባል፦ ከደብረ ማርቆስ ቡና እስከ ሞንትሪያል ቤተ መጻሕፍት

የአክስቴ ልጅ ወደ ባሏ፣ ወደ ሞንትሪያል ልትሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ሻንጣው ተገዝቷል፣ በርበሬውም ተፈጭቷል። እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ኖሬ ለእረፍት ደብረ ማርቆስ መጥቻለሁ። ቡናው እየተቆላ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ፈረንሳይኛውን ከማን ጋር ነው የማወራው? ባሌ እንደሆነ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው።»

ልክ ጠየቀች። ውጭ መኖር ብቻውን ቋንቋ አያስተምርም። አሥር ዓመት ኖረው ከ«ቦንዡር» ያላለፉ አበሾች አውቃለሁ። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ሥራ ላይ ከአበሻ ጋር ናቸው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ደግሞ ከአገር ቤት ጋር ስልክ። ፈረንሳይኛው በየት በኩል ይግባ? ክፍል ገብተው የተማሩትም ቢሆኑ ግሡን ያረቡታል እንጂ ዳቦ ቤት ሲደርሱ ምላሳቸው ይታሰራል።

እኔን ከዚያ ያወጣኝ የመጨዋወቻ ቡድን ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው ስለተራ ነገር በፈረንሳይኛ ያወራሉ። ፈተና የለም፣ የቤት ሥራ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ አንድ ሰው ወሬውን ይመራል። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። እሷ የምትሄደው ሞንትሪያል ስለሆነ ምሳሌዬ ይበልጡን የዚያ ነው። ብራስልስ፣ ጄኔቫ፣ ፓሪስ ወይም ጅቡቲ የምትሄዱ ብትሆኑም ዋናው ነገር አይለወጥም።

ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዚሁ ቡናው ላይ

አዲስ አበባ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮ-ፈረንሳይ አሊያንስ የሚባል የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም አለ። ግን ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየሳምንቱ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ የሚማር የለም። ስለዚህ የራሳችሁን ቡድን አቋቁሙ። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ፈረንሳይኛ ሞክሮ የተወ፣ ዘመድ ጋ ሊሄድ ያሰበ፣ ዝም ብሎ ቋንቋ የሚወድ፣ ማንም ይሁን። አስተማሪ ከሌለ ምን ይደረጋል የሚል ይኖራል። ይጀመራል።

እኛ ቤት የሠራንበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ቡናው ሦስት ዙር አይደል? አቦሉ ሲቀዳ ሁሉም ሰላምታና የሳምንቱን ወሬ በፈረንሳይኛ ያወራል። የፈለገውን ያህል ይሰባበር። ቶና ላይ አንድ ርዕስ ይነሣል፤ ገበያ፣ ልጅነት፣ ትናንት የበሉት። አማርኛ ክልክል ነው፣ በእጅ ማሳየት ግን ይፈቀዳል። በረካ ላይ አማርኛው ይመለስና «ቅድም እንዲህ ልል ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ» የሚለው ሁሉ ይወጣል። ያኔ መዝገበ ቃላት ይገለጣል። የመጀመሪያው እሁድ አቦሉ ላይ ያወራነው አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። አክስቴ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ስታየን ቆየችና «የለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ» አለች። በሦስተኛው እሁድ ግን ቡናው እስኪበርድ አወራን።

ለጆሮ ደግሞ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ ኤር ኤፍ ኢ የሚሉት፣ «ዡርናል አን ፍራንሴ ፋሲል» የሚባል ዜና አለው። በቀላል ፈረንሳይኛ የሚነበብ፣ አሥር ደቂቃ ያህል የሚሆን የዕለት ዜና ነው። ኔት ሲኖር አውርዳችሁ ያዙት፣ ሲጠፋ ትሰሙታላችሁ። አንዱን ዜና አምስት ጊዜ መስማት አምስት ዜና አንድ አንድ ጊዜ ከመስማት ይሻላል።

ባዶ እጃችሁን እንዳልሆናችሁም እወቁ። ቢሮ፣ ሹፌር፣ ዳንቴል፣ ኤታማዦር፣ ሁሉም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። የአዲስ አበባው ለገሃርም «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ሌሎች የሚቸገሩባቸው «ዥ» እና «ኝ» በእኛ አፍ ድሮም አሉ። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። «በላይ» እና «በታች» በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባሉ በፊደላችን ብጽፋቸው ሁለቱም «ደሱ» ይሆናሉ። ልዩነቱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «በታች» የእኛው «ኡ» ነው። «በላይ» ለማለት ከንፈራችሁን ለ«ኡ» አሹሉና ምላሳችሁን ለ«ኢ» አስቀምጡት። መስታወት ፊት ሞክሩት፣ ፊት ያስቀይማል ግን ይሠራል። በአፍንጫ የሚወጡትም እንዲሁ ናቸው። ወይን ጠጅም ነፋስም ለእኔ ለረጅም ጊዜ አንድ «ቫን» ነበሩ። ስለዚህ ቃል በፊደል መጻፍ ለመጀመሪያው ወር ይርዳችሁ፣ ከዚያ በኋላ ተዉት። እኔ ሳልተወው ቆይቼ ለማቃናት ዓመት ፈጀብኝ።

ቡድኑን ማግኘት

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት የሠፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሞንትሪያል ውስጥ ለነዋሪው ካርዱ ነጻ ነው። አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃና መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱን ስታወጡ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ሴት እንዲህ በሏት፦ «ዠ ሼርሽ አን አቴልዬ ደ ኮንቨርሳሲዮን»። የመጨዋወቻ ቡድን እየፈለግሁ ነው ማለት ነው። በስልክ መፈለግም ይቻላል፣ ግን በአፍ ጠይቁ። የመጀመሪያው ልምምድ እሱ ነው። ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ድረ ገጹ ላይ ያልወጣውን ሁሉ ያውቃሉ። እኔ የገባሁበት ቡድን ማስታወቂያው መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። «አቴልዬ ደ ኮንቨርሳሲዮን» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ መሪና ርዕስ አለው። «ታብል ደ ኮንቨርሳሲዮን» ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፣ ቤልጅየምም ይህ ስም የተለመደ ነው። «ካፌ» የሚል ቃል ካለበት ካፌ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል የአንድ ቡና ዋጋ ያዙ። ከቤተ መጻሕፍት ሌላ የሠፈር ማኅበራትና ስደተኛን የሚረዱ ድርጅቶችም ያዘጋጃሉ። አሊያንስ ፍራንሴዝ ባለበት ከተማ በደረጃ የተከፋፈለ ታገኛላችሁ፣ እሱ ግን በክፍያ ነው።

ኩቤክ፣ ማለትም ሞንትሪያል ያለበት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ የምትገቡ ትምህርቱንም አትርሱ። ከጁን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፍራንሲዛሲዮን ኩቤክ» የሚባል የመንግሥት አገልግሎት የፈረንሳይኛ ትምህርት ምዝገባን በአንድ በር አድርጎታል። ትምህርቱ ነጻ ነው። ቡድኑ ለትምህርቱ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ሰዋስው በቡድን አይገኝም።

ሌላው መንገድ ልውውጥ ነው። አማርኛ የሚማር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፈልጉ። አንድ ሰዓት በእናንተ ቋንቋ፣ አንድ ሰዓት በእሱ። ፓሪስ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ኢናልኮ የሚባለው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምራል። ሌላ ከተማ ያላችሁ ኢትዮጵያዊ ሚስት ወይም ባል ያገቡትን፣ ልጅ በጉዲፈቻ ያሳደጉትን ጠይቁ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ ደረጃው። የአውሮፓው መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ይሄዳል። «ጀማሪ» ወይም ኤ2 የሚል ቡድን ስም፣ ሠፈርና ቤተሰብ መናገር ለሚችል ሰው ይሆናል። ከራሳችሁ በግማሽ እርምጃ ከፍ ያለውን ምረጡ፣ በሁለት እርምጃ ከፍ ያለውን አይደለም። ሁለተኛ ምዝገባ ያስፈልግ እንደሆነ። ቦታው ውስን ስለሆነ ብዙዎቹ ቀድመው ያስመዘግባሉ፣ በጋቸው ሲገባና በገና ሰሞን ደግሞ ይዘጋሉ። ሦስተኛ ሰዓቱ። ማስታወቂያው «18 ሰዓት ከ30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ትስቃላችሁ፣ ግን አንድ የጎንደር ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ የልጆች ተረት ሲነበብ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ሄዷል። ገብቶኛል ነው የሚለው።

የመጀመሪያው ቀን

አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ቀድሞ የደረሰ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፣ ዘግይቶ የደረሰ ግን አሥር ዓይን ያፈጥበታል።

መቀመጫ ምረጡ። እኛ ጎጃሞች በር ጋ፣ ጥግ ላይ መቀመጥ እንወዳለን። መሪው ፊት ለፊት ወይም መሀል ተቀመጡ። ሌላ አበሻ ካለ ሰላም በሉትና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ይህን ስል ቅር የሚለው ይኖራል። ጎን ለጎን ከተቀመጣችሁ ግን ሹክሹክታው በአማርኛ ይሆናል፣ ምሽቱም ያልቃል።

ዙሩ በመተዋወቅ ይጀመራል። ስማችሁን፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ምን እንደምትወዱ። ይህን ቤት ሆናችሁ በአፋችሁ ድገሙት፣ ወረቀት ግን አታንብቡ። ከዚያ አምስት መሣሪያ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። «ፕሉ ላንትማን፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣ ቀስ ብለው እባክዎ። «ቩ ፑቬ ሬፔቴ?»፣ ይድገሙልኝ? «ኮማን ኦን ዲ...?»፣ ይህ እንዴት ይባላል? «ዠ ሼርሽ ለ ሞ»፣ ቃሉን እየፈለግሁ ነው። አምስተኛው ሁለት ቃል ብቻ ናት፦ «ኤ ቩ?»፣ እርስዎስ? ከሁሉም የጠቀመችኝ እሷ ናት። ስትጠየቁ አጭር ትመልሱና «ኤ ቩ?» ትላላችሁ። ኳሱ ወዲያ ይሄዳል፣ እናንተ ትተነፍሳላችሁ፣ ጆሯችሁ ይሠራል።

ያልገባችሁን ገባኝ ብላችሁ ራስ አትነቅንቁ። እኔ ሁለት ሳምንት ስነቀንቅ ከረምሁ። በሦስተኛው መሪያችን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም ፈገግ ብዬ «ዊ» አልሁ። ለካ የሚቀጥለውን ሳምንት ርዕስ አንቺ ታቀርቢያለሽ ወይ ነበር ያለችኝ።

ይሉኝታን ማሸነፍ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ስናድግ «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ይናገር» ተብለን ነው። ሳይጠየቁ መናገር ድፍረት ነው፣ ተሳስቶ መናገር ደግሞ ውርደት። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ ጨዋነት ኪሳራ ነው። ዝም ያለውን ሰው «ጨዋ ነው» የሚል የለም። «አልገባውም» ወይም «አልወደደንም» ይሉታል።

ግን ጎጃም ውስጥ ሌላም ወግ አለ። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ዘንድ ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ጓደኞቹ ባሉበት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ታርሜያለሁ ብሎ የሚቀር የለም። ፈረንሳይኛውንም እንደዚያ ያዙት። ይህን ለራሴ ከነገርሁ ወዲህ ነው ምላሴ የተፈታው። በተገላቢጦሹም የሠራ ሰው አለ። በ1830ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አርኖ ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ አገራችን ገብቶ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ዓመታት ተቀምጧል። ያን ጊዜ የአማርኛ ክፍል የት ነበረና? አብሮ እየበላ፣ አብሮ እየዘመተ ነው።

ስሕተት እንዴት እንደሚያስተምር አንድ ላሳያችሁ። ጥር ነው፣ የፈረንጆቹ። ውጭ በረዶ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው እንደ ምጣድ ግሏል። ካፖርቴን እያወለቅሁ «ዠ ስዊ ሾድ» አልሁ። ሞቀኝ ማለቴ ነው። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ «ከምሽቱ በፊት?» ብለው ጨመሩበት። ኩቤክ ውስጥ እንዲያ ማለት ጠጥቻለሁ፣ ሞቅ ብሎኛል እንደማለት ነው። ፈረንሳይ ብሆን ኖሮ ትርጉሙ ከዚህም ይብስ ነበር። ትክክለኛው «ዤ ሾ» ነው፣ ቃል በቃል «ሙቀት አለኝ»። በእኛ ሙቀቱና ረኃቡ ራሳቸው ናቸው የሚመጡብን፤ ሞቀኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ። በእነሱ ሰውየው ይይዛቸዋል፤ ሙቀት አለኝ፣ ረኃብ አለኝ፣ ጥም አለኝ። መጽሐፉ ላይ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን አንድም ቀን አልተሳሳትሁም። በአማርኛም «ሞቀኝ» እና «ሞቅ አለኝ» እንደሚለያዩ ሳስረዳቸው ደግሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት እኔ ነበርሁ።

ሁሉም መሪ አያርምም። ወሬ እንዳይቋረጥ ብለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው። በግልጽ ጠይቁ፦ «ኮሪዤ ሟ፣ ሲል ቩ ፕሌ»። አርሙኝ። በምሽት ሦስት እርማት ጻፉ፣ ከሦስት በላይ አይደለም። አሥራ አምስት የጻፈ ሰው ደብተሩን ከፍቶ አያየውም።

የአገር ወሬ አዘጋጁ። ከየት መጣሽ ይባላል፣ ቀጥሎ ንገሪን ይባላል። ሁለትና ሦስት ታሪክ ቀድሞ የተሸመነ ይሁን። አሥራ ሦስት ወር ያለው የዘመን መቁጠሪያችን ሁሌም ያስገርማቸዋል፣ የሰዓት አቆጣጠራችንም እንዲሁ። እኔ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ነበር ያዘጋጀሁት። አንድ ፈረስ «ሸቫል» ነው። ብዙ ሲሆኑ «ሸቮ» ይሆናሉ። እኔ ሜዳ ሙሉ «ሸቫል» አስጋለብሁ፣ አንዲት የሃይቲ እናት ቀስ ብላ «ሸቮ፣ ማ ሼሪ፣ ሸቮ» አለችኝ። ፈረስ ባየሁ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣብኛል።

አንቱ፣ አንቺ

«ቩ» እና «ቲዩ» ለእኛ አዲስ አይደሉም። አንቱና አንተ ናቸው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዓመት የሚደናገርበትን እኛ ከእናታችን ጡት ይዘነዋል። «ቩ» ለብዙ ሰውም ያገለግላል፣ እናንተ ማለት ነው። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። ኩቤክ ውስጥ ቶሎ ወደ «ቲዩ» ይወርዳሉ። የሰባ ዓመት አዛውንት በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንተ በለኝ ሊሏችሁ ይችላሉ። እኔ ለእኚህ ሽማግሌ «ቲዩ» ለማለት አፌ እምቢ ብሎኝ ሁለት ወር ቆየሁ። ሕጉ ይህ ነው፦ በ«ቩ» ጀምሩ፣ እነሱ ሲያወርዱ ውረዱ። ፈረንሳይ ላይ ግን ለመውረድ አትቸኩሉ።

ጥያቄያችንም ይለካ። «አገባሽ? ልጅ አለሽ? ደመወዝሽ ስንት ነው?» በእኛ ዘንድ መቅረብ ነው፣ እዚያ ግን ያስደነግጣል። የአየር ሁኔታ፣ ምግብ፣ ሠፈር፣ ቅዳሜና እሁድ ምን ተሠራ፣ በእነዚህ ጀምሩ። የምግብ ነገር ከተነሣ ደግሞ ተጠንቀቁ። «ዴዠኔ» ፈረንሳይ ምሳ ነው፣ ኩቤክ ቁርስ። ኩቤኮች ምሳን «ዲኔ»፣ እራትን «ሱፔ» ይሉታል። ለ«ዲኔ» ተጋብዛችሁ ማታ እንዳትሄዱ። ቁጥርም እንደዚያው ነው። ሰባን ፓሪስና ሞንትሪያል «ስልሳ-አሥር» ብለው ሲቆጥሩት ቤልጅየምና ስዊስ «ሴፕታንት» ብለው ይገላገላሉ። እውነቱን ለመናገር ቤልጅየሞቹ ይሻላሉ።

ካልተስማማ

ሦስት ጊዜ ሳትሄዱ አትፍረዱ። የመጀመሪያው ቀን ለማንም ጥሩ አይደለም። ከሦስት በኋላ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራበት ከሆነ፣ ወይም ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ የሚንሸራተት ከሆነ ለቃችሁ ሌላ ፈልጉ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ስልካችሁን በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፣ በተለይ ሴቶች። ከቡድኑ በኋላ ዕቃ ሊሸጥላችሁ ወይም ሃይማኖት ሊሰብካችሁ የሚጋብዝ አይጠፋም። ፈገግ ብሎ «ኖን፣ ሜርሲ» ማለትም ልምምድ ነው።

የምስክር ወረቀት የፈለገ ከቡድን አያገኝም። ለስደት ወይም ለትምህርት ማመልከቻ ቴ ሴ ኤፍ፣ ቴ ኤ ኤፍ ወይም ዴልፍ የሚባሉት ፈተናዎች አሉ፣ የትኛውን እንደሚቀበል የምታመለክቱበትን ቦታ ጠይቁ። የቴ ሴ ኤፍ ውጤት ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ቸኩላችሁ አትፈተኑ። ቡድኑ የሚጠቅመው የቃል ፈተናው ላይ ነው። እዚያ ሲደረስ ሌላው ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ ግን ለምዳችሁታል።

ከወራት በኋላ

አምስት ስድስት ወር ሲሆን ቡድኑ ይጠባል። ርዕሱ ይደጋገማል፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ስለሚያወራላችሁ ጆሮ ይሰንፋል። ያኔ ፈረንሳይኛ ርዕስ ወዳልሆነበት ቡድን ሂዱ። ሹራብ የሚሠሩ፣ የሚዘምሩ፣ ተራራ የሚወጡ፣ ለችግረኛ ምግብ የሚያድሉ አሉ። እኔ ሹራብ ገባሁ። ሁሉም እጁን እያየ ነው የሚያወራው፣ ፊታችሁን የሚያይ የለም። ቀስ የሚልላችሁም የለም። ከባዱም ጥሩውም እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቡድናችሁ በገና አካባቢ ሁሉም የየአገሩን ምግብ የሚያመጣበት ምሽት ሊያዘጋጅ ይችላል። ዶሮ ወጥ ይዛችሁ አትንከራተቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ በርበሬ የቀመሰ ሰው ማውራት አይችልም። ቆሎ ውሰዱ። ትንሽ ነው፣ አይበላሽም፣ አውቶቡስ ውስጥ አይፈስም። ደግሞ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተቆላ፣ ለምን በእፍኝ እንደሚበላ ሁሉም ይጠይቃችኋል። የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ኪሎ ገብቷል። ለውዝ ካለበት ግን ሳህኑን ከማዞራችሁ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ኢሊያ ዴ ዛራሺድ» በሉ፤ ለውዝ አለበት። ለውዝ የማይስማማው ሰው እዚያ ብዙ ነው።